በመኪናው ጥላ ስር ያስቀመጥኳት ልጅ

የአይሱዙው ሞተር ሲነሳ እኔ ቲማቲሙ መሃል ጎንበስ ብዬ ባልዲዬን እየሞላሁ ነበር። በዚያ ማሳ ላይ የመኪና ሞተር መስማት አዲስ ነገር አይደለም። ደሜን ያቀዘቀዘው ከሞተሩ በፊት መሰማት የነበረበት ድምፅ አለመሰማቱ ነው። "ኢጆሌ!" ብሎ የተጣራ ሰው አልነበረም። ልጄ ደግሞ ከመኪናው ሆድ ስር፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ፣ ሳጥን ውስጥ ነበረች።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዓለም ጤና አጠገብ ባለ አንድ የመስኖ እርሻ ላይ ነው። አሁን ወደ አዳማ ተመልሻለሁ። ግን አስፋልት ዳር ቆሜ የጭነት መኪና ሲነሳ ከሰማሁ ከአጠገቤ ያለውን ሰው ክንድ እይዛለሁ፣ የማላውቀውንም ቢሆን። ብዙ የተማርኩ አይደለሁም፣ አጻጻፌም እንደ አነጋገሬ ነው። የሆነውን ግን ከነገሩ መጀመሪያ ልንገራችሁ።

ልጄ እላታለሁ እንጂ ኤልዳናን የወለደቻት ልጄ ትዕግስት ናት። ትዕግስት አዳማ ውስጥ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። የልጅቷ አባት ሥራ ልፈልግ ብሎ እንደወጣ ቀረ። እኛም ሁለታችን እናሳድጋታለን ብለን ነበር። የኤልዳና ሰማንያ ቀን ደርሶ ክርስትና ሳትነሳ ትዕግስት ታመመች። ሐኪም ቤት ገባች፣ አልወጣችም።

ከቀብር ስመለስ ጎረቤቶቼ ኤልዳናን ሲያባብሉ አገኘኋቸው። ተቀብዬ ጀርባዬ ላይ አዘልኳት። ትዕግስት የሌሊት ፈረቃ ሲሆን ትከሻዋ ላይ የምታደርገው ሰማያዊ ሻርፕ ነበራት፤ እሱን ደረብኩባት። ከዚያ ወዲያ አላወረድኳትም ብል ማጋነን አይደለም። ሳጥብም አዝያት፣ ስጋግርም አዝያት፣ ገበያም አዝያት። ማታ ስተኛ ብቻ ከጀርባዬ ወደ ደረቴ ትዞራለች። ሰው ሲያየኝ "አይ እናት! እንዲህ ነው እንጂ" ይለኛል። እኔ ግን ለምስጋና አልነበረም። ካወረድኳት የምትጠፋ ይመስለኝ ነበር።

ክትባት ላስከትባት የሄድኩ ቀን ነርሷ አልጋ ላይ አስቀመጠቻት። ኤልዳና እንደ ባዶ ጆንያ ተጣጠፈች። በእድሜዋ ያሉት ልጆች ቁጭ ብለው ዕቃ ይነጥቃሉ፣ እሷ እጇን እንኳ አትዘረጋም።

"እናትዬ፣ ይቺ ልጅ መሬት ላይ ትጫወታለች?" አለችኝ ነርሷ።

"መሬት ላይ? ምን በወጣት!"

ሳቅ አለችና አስረዳችኝ። ልጅቷ በሽታ የለባትም። ወገቧና ክንዷ ሥራ ስለማያውቅ ነው። "ምንጣፍ አንጥፊና በሆዷ አስተኚያት። ዕቃ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪላት፣ ራሷ ትድረስበት። እያነሳሽ አታቀብያት። ዓይንሽ አይራቃት፣ ግን ትንሽ ተያት።"

ተያት የምትለው ነገር ልቤ ውስጥ እንደ እሾህ ቀረች። እናቷ ትታት ሄዳለች። እኔም ልተዋት?

ቤቴ ሄጄ ሞከርኩ። ምንጣፉ ላይ ሳስተኛት እንደተበደለ ሰው ነው ያለቀሰችው። ወዲያው አነሳኋት። ከዚያ በኋላ አልሞከርኩም።

በዚያው ሰሞን የአዳማውን ቤት ኪራይ ብቻዬን አልችለው ስል፣ ድሮ ጎረቤቴ የነበሩት አዴ ጫልቱ ነይ አሉኝ። አዴ ማለት በኦሮምኛ እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። ዓለም ጤና ትንሽ ግቢ አላቸው፤ ወቅቱ ሲሆን ቲማቲም ለቀማ ይወጣሉ። አንድ ክፍል ሰጡኝና አብሬያቸው መውጣት ጀመርኩ፣ ኤልዳናን እንዳዘልኩ።

ማሳው ላይ የሚለቅሙት አብዛኞቹ ልጅ ያላቸው ሴቶች ናቸው። አዝሎ ጎንበስ ማለት ወገብ ይሰብራል፣ ልጁንም ፀሐይ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ባዶ የቲማቲም ሳጥን ውስጥ ጆንያ ያነጥፉና ልጆቻቸውን ያስቀምጣሉ። ሳጥኑ ከጣውላ የተሠራ ነው፣ ጎኑ ዝቅ ያለ ነው፣ አየር ያስገባል። በዙሪያው ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ያለው ጥላ ቲማቲሙን ሊጭን የመጣው መኪና ጥላ ነው። ጠዋት ከመኪናው ጎን ያስቀምጧቸዋል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ጥላው ወደ መኪናው ሆድ ይገባል፣ ሳጥኖቹንም ጥላውን እያስከተሉ ወደ ስር ይገፏቸዋል።

ይህን ሳይ መጀመሪያ ቀን ጮህኩ። "መኪና ስር ልጅ?" አልኩ። አዴ ጫልቱ ናቸው ሥርዓቱን የነገሩኝ። መኪናው ሳይነሳ በፊት ሹፌሩ ወይ ጫኞቹ "ኢጆሌ!" ብለው ይጮሃሉ። ልጆች ማለት ነው። ያን ጊዜ እናት ሁሉ ባልዲዋን ጥላ ትሮጣለች፣ ልጇን አንስታ "አንስቻለሁ!" ትላለች። ሁሉም እስኪመልስ ሞተር አይነሳም። በዚያ ማሳ ላይ ልጅ ያሳደገ ሁሉ በዚህ ነው ያሳደገው።

እኔ ግን እንቢ አልኩ። ሁለት ሳምንት ያህል አዝዬ ለቀምኩ። አንድ ቀን ከሰዓት አዴ ጫልቱ መጡና ከፊቴ ቆሙ።

"ሃዳ ትዕግስት፣ አውርጃት።" ሃዳ ማለት እናት ማለት ነው። ሰዉ ሁሉ የትዕግስት እናት እያለ ነው የሚጠራኝ፤ ትዕግስት ከሞተችም በኋላ ስሜ አልተቀየረም።

"ታለቅሳለች፣ አዴ።"

"ታልቅሳ። አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ሥራሽን ግን ትሠሪያለሽ። እሷም ሥራ አላት።"

"ምን ሥራ አላት እሷ?"

"መጫወት ነዋ! ለልጅ ከሱ የከበደ ምን ሥራ አለ?"

ከጀርባዬ ራሳቸው ፈቷት። ሳጥን ውስጥ አስቀመጧትና በጋቢያቸው ዙሪያዋን ደገፏት። አንዲት የቆርቆሮ ኩባያ እግሯ አጠገብ ጣል አደረጉላት። እኔ ላቀብላት እጄን ስሰድ እጄን መቱኝ። "ተይ! ልጅቷ እጅ አላት።" አለቀሰች። አነባች። እኔም የምለቅመው የቲማቲም መደብ ውስጥ ሆኜ አብሬያት አነባሁ። ለቅሶዋ ሲያቆም ደንግጬ ቀና አልኩ። ኩባያዋን ይዛለች። የሳጥኑን ጣውላ በኩባያ እየመታች ድምፁን ትሰማለች፣ ትደነግጣለች፣ ደግማ ትመታለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ኩባያ የማሳው መሳቂያ ሆነ። ጠዋት ኤልዳና ሳጥኗ ውስጥ ገብታ ጣውላውን መምታት ስትጀምር ሴቶቹ ካሉበት ሆነው ይጮሃሉ።

"ተነሱ! ዳኛዋ ገብተዋል!"

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ያን ባሌን ይፍረዱልኝ!"

"ምን አደረገ?"

"ምን ያላደረገው አለ፣ እመቤቴ!"

እሷ ማን እንደሚስቅ ትፈልጋለች፣ አንገቷን ወዲያ ወዲህ ታዞራለች። አንገቷ ጠነከረ። ከዚያ ወገቧ። አንድ ቀን አዴ ጫልቱ ጋቢውን ሲያነሱት ሳትወድቅ ቀረች። ያለ ምንም ድጋፍ ቁጭ ብላለች። ቀጥዬ ያሰብኩት ትዕግስትን ነው። ለእሷ ልነግራት ቸኮልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ባልዲዬን አንስቼ ራቅ ወዳለው መደብ ሄድኩና እዚያ አለቀስኩ።

አዴ ጫልቱ ግን በዚህ አልቆሙም። ጥሬ ቲማቲም እያመጡ ከሳጥኑ ውጭ፣ እጇ ከማይደርስበት ትንሽ እልፍ አድርገው ማስቀመጥ ጀመሩ። "ትፈልገው" ይላሉ። ኤልዳና በሳጥኑ ጠርዝ ላይ በሆዷ ትንጠለጠላለች፣ ጣቷን ትዘረጋለች፣ ትናደዳለች። ስትደክም ተመልሳ ቁጭ ትላለች። ዳዴ ብላ አታውቅም። እንኳን ልትድህ በእንብርክኳ እንኳ ቆማ አታውቅም።

ያ ቀን መጣ።

የምናውቀው ሹፌር ያን ዕለት አልመጣም። ሌላ ሰው መጣ፣ ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ፣ ከአዲስ አበባ ወገን የመጣ። ማሳውንም እኛንም አያውቅም። እኩለ ቀን ሲሆን ጫኞቹ ምሳ ሊበሉ ሄዱ። የሚያጠቡት ሴቶች ልጆቻቸውን አንስተው ለማጥባት ውሃ መሳቢያው ሞተር ካለበት ዳስ ሄዱ። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት እንዲህ ነው። የእኔዋን የምታጠባት የለችም። ጡጦዋን ቀደም ብዬ ሰጥቻት ጠጥታ ነበር፤ ሳጥኗን ወደ ጥላው ገፋ አድርጌ፣ ዝንብ እንዳይበላት የትዕግስትን ሻርፕ ከላይ ጣል አድርጌ፣ የጀመርኩትን መደብ ልጨርስ ተመለስኩ። አዴ ጫልቱ እንደ ልማዳቸው ጥሬ ቲማቲም ከሳጥኗ ውጭ አኑረውላት፣ ከመኪናው ወዲያ ማዶ ጀርባቸውን ሰጥተው ቲማቲም ይለያሉ።

ሹፌሩ የቀረውን ጭነት ወደሚጭንበት ክምር መኪናውን ሊያስጠጋ ፈለገ። በግራም በቀኝም በየቦታው ሳጥን ወድቋል። ከመሃላቸው ጨርቅ ጣል ያለበት አንድ ሳጥን ለእሱ ሳጥን ነው። ማንም አልነገረውም። ሞተሩን አስነሳ።

ባልዲዬን ጣልኩት። ሮጥኩ። መደቡ ለስላሳ ነው፣ እግሬ ይሰምጣል፣ ቀሚሴ ከቲማቲሙ እንጨት ጋር ተያዘና ወደቅኩ። ተነሳሁ። መጮህ ፈለግኩ። "ኢጆሌ!" ማለት ነበረብኝ፣ ከአፌ የወጣው ግን እሱ አይደለም።

"ትዕግስት!" አልኩ። "ትዕግስት! ትዕግስት!"

መኪናው ወደ ኋላ አለ። ጣውላው ሲሰበር ሰማሁ።

ያን ድምፅ ምን ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ትንሽ ድምፅ ነው። ማገዶ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው።

ሹፌሩ ጩኸቴን ሰምቶ አቁሞ ነበር፣ ግን ጎማው ሳጥኑ ላይ ወጥቷል። ስደርስ ያየሁት ሻርፑን ነው። ሰማያዊው ጫፉ ከጎማው ስር ወጥቶ አፈር ላይ ተዘርግቷል። ከዚያ ወዲያ ማየት አልቻልኩም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። በሆዴ "ሁለቱንም ቀበርኩ" አልኩ። ለትዕግስት ምን ብዬ እነግራታለሁ አልኩ፣ ሰማይ ቤት ስንገናኝ። አደራዋን አውርጄ፣ መኪና ስር አስቀምጬ።

ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ፊቴን አየ። ከዚያ ሻርፑን አየ። በሆዱ ተኝቶ መኪናው ስር ገባና የተሰበረውን ጣውላ በባዶ እጁ ይጎትት ጀመር። እጁ ይደማል። "ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም" ይላል እንጂ ሌላ አይልም። ጆንያውን ጎተተ። ጣውላ ጎተተ። ከዚያ ባዶውን መሬት በመዳፉ ዳበሰ።

"የለችም" አለ። "እናቴ፣ እዚህ የለችም።"

አልገባኝም። ጆሮዬ ውስጥ ነፋስ የገባ ነው የመሰለኝ።

ያን ጊዜ ነው ኩባያዋን የሰማሁት።

ቃ። ትንሽ ቆይቶ ቃ። ደግሞ ቃ። ከመኪናው ወዲያ ማዶ ነው የሚመጣው። አዴ ጫልቱም ሰምተው ዞሩ፣ "ያ ዋቃዮ!" ብለው ፈጣሪን እየጠሩ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። "ያ ዋቃዮ! ኑ! ኑ እዩ!"

እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም። መኪናውን ዞሬ ስሄድ ኤልዳና ውሃ ያልገባበት ቦይ ዳር ላይ አፈር መስላ በእጇና በጉልበቷ ቆማለች። በአንድ እጇ ኩባያዋን እንደያዘች ነው፤ እጇን ባነሳችና ባስቀመጠች ቁጥር ኩባያው መሬቱን ይመታል። ከፊቷ ያች ጥሬ ቲማቲም ትንከባለላለች። ስትደርስባት ትገፋታለች፣ ስትገፋት ትሄድባታለች፣ ደግማ ትከተላታለች። ከሳጥኑ ወጥታ፣ በመኪናው ሆድ ስር አቋርጣ፣ በዚያኛው ወገን ወጥታለች። እኔ በወደቅኩበት፣ እኔ በጮህኩበት፣ ሳጥኑ በተሰበረበት ጊዜ ሁሉ እሷ ሥራዋ ላይ ነበረች።

አፈፍ አድርጌ አነሳኋት። አቀፍኳት። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ያስለቀሳት መኪናው አይደለም፣ እኔ ነኝ። ቲማቲሟ ላይ ሳትደርስ አነሳኋት። በደረቴ ላይ ሆና ወደ ኋላ እየተጠማዘዘች እጇን ወደ መሬት ትዘረጋለች።

ሴቶቹ ከዳሱ እየሮጡ መጡ። እልል ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው የፈረስኩት። አንድ ሰው "ዳኸች እንዴ? መቼ ዳኸች?" ብሎ ሲጠይቅ ነው። ልጅ መጀመሪያ ሲድህ ቤት ሙሉ ሰው ይሰበሰባል፣ እናት ከዚያ ጫፍ ሆና "ነይ ነይ" ትላለች፣ ይጨበጨባል። የኤልዳናን የመጀመሪያ ዳዴ ማንም አላየላትም። በመኪና ስር፣ በጎማ መሃል፣ ብቻዋን ነው የዳኸችው። እናቷ አላየችላትም። እኔም አላየሁላትም። ሕይወቷን ያተረፈላት ዳዴ ነው፣ የሚያጨበጭብለት ግን አላገኘም።

ሹፌሩ ከመኪናው ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። የደማ እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ኤልዳናን ያያታል። "ማንም አልነገረኝም" ይላል። "ልጅ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም፣ እናቴ። ማንም አልነገረኝም።" የሚሰድበው ሰው ነበር፣ ሊመታው የቃጣም ነበር። አዴ ጫልቱ ናቸው "እውነቱን ነው፣ እኛ ነን ያልነገርነው" ብለው ያስቆሙት። ውሃ አመጡለት፣ የኢጆሌውንም ሥርዓት ነገሩት። ሲጠጣ ጥርሱ ከጣሳው ጋር ይጋጫል።

ጭነቱን ተወውና ጤና ጣቢያ እኔ ነኝ የማደርሳት አለ። እኔ መኪናው ውስጥ ልገባ አልፈለግኩም። አዴ ጫልቱ እጄን ይዘው አስገቡኝና ከጎኔ ተቀመጡ። ሹፌሩ መሪውን ያዘ፣ ቁልፉን ግን አላዞረም። ወረደ። መኪናውን ዞረ። ጎንበስ ብሎ ስሩን አየ፣ ከፊት አየ፣ ከኋላ አየ። ተመልሶ ወጣና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ ድምፁ እየተሰነጠቀ ጮኸ።

"ኢጆሌ!"

ከማሳው አንድ በአንድ ሴቶቹ መለሱለት። "አንስቻለሁ!" "አንስቻለሁ!" መልሳቸው ሲያልቅ ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀኝ። እኔ ካልመለስኩ እንደማያስነሳው ገባኝ።

"አንስቻለሁ" አልኩት።

ጤና ጣቢያ አገላብጠው አዩዋት። ጉልበቷ ተልጧል፣ ሌላ ምንም አልሆነችም። ከዚያ ግቢያችን በር ድረስ አደረሰን። የትዕግስትን ሻርፕ ከጎማው ስር አውጥቶ፣ አፈሩን አራግፎ፣ አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀምጦት ነበር። በሁለት እጁ ሰጠኝ። ተቀዷል። እስከ ዛሬ አልሰፋሁትም። ሊሰፋው የሚችል እጅ የትዕግስት ነበር።

ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ኤልዳናን ማዘል ነው። አጥብቄ አሰርኳት። አላወርድሽም አልኳት፣ እስክታገቢ አላወርድሽም። እሷ ግን ጀርባዬ ላይ ተራገጠች። እንደዚያ ስትራገጥ አይቻት አላውቅም፤ በጉልበቷ ወገቤን ትገፋለች፣ እጇን አውጥታ ወደ ምንጣፉ ትጠቁማለች። አዴ ጫልቱ ያዩኛል። "ተያት" አላሉኝም። ቢሉኝ ኖሮ የማወርዳት አይመስለኝም።

እኔው ፈታኋት።

ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኳትና ጀርባዬን ለተቆለፈው በር ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ኩባያዋን ከግድግዳው ስር አኖርኩላት። ፈቀቅ አለች፣ በእጇና በጉልበቷ ተነሳች፣ ሄደች። ያን ጊዜ አየሁላት። ሁለት እጄን አነሳሁና አጨበጨብኩላት። አዴ ጫልቱም አጨበጨቡ። ኤልዳና ኩባያዋን ይዛ ዞራ አየችን፣ ምን ሆናችሁ እንደማለት።

ሻርፑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ትዕግስት ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ይመስል፣ ድምፄን አውጥቼ ነገርኳት።

"ትዕግስቴ፣ ልጅሽ ዳኸች። ቤት ገብተናል፣ በሩም ተቆልፏል። ደህና ናት።"